ቃልን ከነጎረቤቱ እናስተምር

ቃል እንደ ሰው ነው። ጠባዩ የሚታወቀው ብቻውን ሲቆም ሳይሆን ከጎረቤት ጋር ሲውል ነው። ይህን በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ማንሣታችን ያለምክንያት አይደለም። እኛ የዚህ ማሠልጠኛ ተቋም እጩ መምህራን ነገ ከነገ ወዲያ ጠመኔ ጨብጠን ወደ ቡሬ፣ ወደ ወምበርማ፣ ወደ ጃቢ ጠህናን፣ ወደ ደምበጫና ወደ ቋሪት የገጠር ቀበሌዎች የምንሰማራ ነን። በየክፍሉ ተደላድሎ ተቀምጦ የሚጠብቀን አንድ ልማድ አለ። ሰሌዳውን መካከል ለመካከል በመስመር መክፈል፣ በግራ የውጭውን ቃል፣ በቀኝ የአማርኛውን ፍቺ መደርደር፣ ከዚያም «ገልብጡ!» ማለት። አንድ ቃል እኩል ይሆናል አንድ ቃል፤ አለቀ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ በፈተናው ቀን እንዳለ ይመልሰዋል፣ በማግሥቱ ይረሳዋል። ባይረሳውም አይሠራበትም።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እናስታውቅ። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እንላለን። ቃል ከዓረፍተ ነገሩ ተነጥሎ መሰጠት የለበትም። ለዚህ ማስረጃ አድርገን በቅድሚያ የምናቀርበው ግን እንግሊዝኛን አይደለም። እንግሊዝኛን ከልጅነት ጀምሮ በሰሌዳ ላይ ስላየነው ነገሩ ጥርት ብሎ አይታየንም። ስለዚህ ለሁላችንም እኩል ባዕድ የሆነ ቋንቋ እንምረጥ፤ እስፓኝኛን። ከእስፓኝኛም አንዲት ቅጽል ብቻ እንውሰድ፤ «ብራቮ» የምትለዋን።

«እንዴ! ብራቮንማ እናውቃታለን፤ ጎበዝ፣ አበጀህ ማለት አይደለም እንዴ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። የምናውቃት የመሰለችን ቃል ስለሆነች ነው የመረጥናት።

እስፓኝኛ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?

በመጀመሪያ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንስጥ። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በስተሰሜን፣ በሰከላ ወረዳ፣ የዓባይ መነሻ የሆነው ግሽ ዓባይ ይገኛል። ይህን ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1618፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ መጥቶ ያየውና ያየውን በጽሑፍ ያስቀረው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ የእስፓኝ ሰው ነበር። ፓኤዝ የመጣበት ሃይማኖታዊ ዓላማ በኋላ በአገራችን ደም ያፋሰሰ ጠብ ማስከተሉ የታወቀ ነው፤ ፍርዱን ለታሪክ እንተወው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ይህ ሰው አማርኛንና ግእዝን ተምሯል። ይህም ማለት አፉን በእስፓኝኛ የፈታ ሰው ከአራት መቶ ዓመት በፊት በእኛ ቃላት መካከል ገብቶ፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚውል መለየት ነበረበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ግንኙነት ይበልጥ ይቀርበናል፤ በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ዕድሜ የሆነ ነው። የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የኩባ ወታደሮች መጥተው እስከ 1970 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ተዋግተዋል። በአዲስ አበባ የቆመው የትግላችን ሐውልት የእነዚህን ተዋጊዎች መታሰቢያ ይዟል። ከጦርነቱ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ አባቶቻቸው በጦር ሜዳ የወደቁባቸው ነበሩ። የተቀመጡትም ቀድሞ «የጥዶች ደሴት» ትባል በነበረችውና እ.ኤ.አ. በ1978 «የወጣቶች ደሴት» ተብላ በተሰየመችው ምድር ነው። ከአዳሪ ትምህርት ቤቶቻቸው አንዱ «ካራማራ» የሚል ስም ነበረው። የቀኑን ከፊል በክፍል፣ ከፊሉን በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬ እርሻ ላይ ያሳልፉ ነበር። አማርኛቸውንና የአገራቸውን ታሪክ እንዳይረሱም ከአገር ቤት የሄዱ መምህራን ያስተምሯቸው ነበር። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ እስከ ከፍተኛ ትምህርት ዘልቀው፣ በሕክምናም በምህንድስናም በሌላም ሙያ ሠልጥነው ተመልሰዋል።

አሁን ወደ ቃላችን እንምጣ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ፣ ገና አዲስ ገብ ሳለ፣ በደብተሩ ላይ «ብራቮ እኩል ይሆናል ጎበዝ» ብሎ ጽፏል እንበል። አንድ ቀን ጓደኛው እየሮጠ መጥቶ «ኤል ማኤስትሮ ኤስታ ብራቮ!» ይለዋል። «መምህሩ ጎበዝ ነው» ብሎ ይተረጉምና ደስ ብሎት፣ እያጨበጨበ፣ ወደ ክፍል ይገባል። የተባለው ግን «መምህሩ ተቆጥቷል» ነው! በኩባና በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች በዕለት ንግግር ብራቮ ማለት የተቆጣ ማለት ነውና። ምስኪን ልጅ፣ ከቁጣው ላይ ጭብጨባ ጨመረበት። ደብተሩ አልዋሸውም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረው። ግማሽ እውነት ደግሞ አንዳንዴ ካለማወቅ የባሰ ያስቀጣል።

የአንዲት ቃል ስድስት ቤቶች

ብራቮ የምትኖርባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ቤት የጀግና ቤት ነው። በመጻሕፍትና በጥንቱ አነጋገር ብራቮ የተባለ ወታደር ደፋር፣ ልበ ሙሉ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሰው ድፍረት ሲነገር «ቫሊዬንቴ» የምትባለው ሌላ ቃል ትዘወተራለች። በመዝገበ ቃላት በመጀመሪያ ረድፍ የተጻፈ ፍቺ ሁሉ በመንገድ ላይ መጀመሪያ የሚሰማ እንዳልሆነ ልብ እንበል።

ሁለተኛው የአውሬና የከብት ቤት ነው። «ቶሮ ብራቮ» ማለት በእስፓኝ አገር ለመድረክ ግጥሚያ የሚረባው ተዋጊ ኮርማ ነው። በላቲን አሜሪካ በየበሩ «ፔሮ ብራቮ» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ውሻው ተናካሽ ነው፤ ተጠንቀቁ ማለት ነው። «ጀግና ውሻ አለ» ብሎ ተርጉሞ የሚገባ ሰው ሱሪውን ይዞ አይወጣም።

ሦስተኛው የውኃ ቤት ነው። ማዕበሉ የሚናወጥ ባሕር ብራቮ ይባላል። በሰሜን ምሥራቅ እስፓኝ፣ በካታሎኒያ፣ ድንጋያማውና ገደላማው የባሕር ዳርቻ «ኮስታ ብራቫ» ይባላል። ሜክሲኮን ከአሜሪካ የሚያዋስነውን ትልቅ ወንዝም ሜክሲኮዎች «ሪዮ ብራቮ» ይሉታል።

አራተኛው ቀደም ሲል ያየነው የቁጣ ቤት ነው።

አምስተኛው የወጥ ቤት ነው። በእስፓኝ አገር የተጠበሰ ድንች የሚያቃጥል ቀይ ስጎ ፈስሶበት ሲቀርብ «ፓታታስ ብራቫስ» ይባላል። ቃል በቃል «ጀግኖች ድንቾች» ብንለው ለሳቅ እንጂ ለትምህርት አይሆንም።

ስድስተኛው የጭብጨባ ቤት ነው። ዘፈን ወይም ንግግር ሲያልቅ «ብራቮ!» ይባላል። ይኸኛው ከጣሊያንኛ ተነሥቶ ዓለምን የዞረ ነው፤ እኛም አገር የታወቀው እሱ ነው። በጣሊያንኛ ብራቮ ሙያ ያለው፣ የተካነ፣ ደግ ሰው ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ብሬቭ» ደግሞ የዚህችው ቃል ዘመድ ሲሆን ደፋር ወደሚለው ብቻ አዘንብሏል። እንግዲህ አንዲት ቃል ከቤት ወጥታ በሦስት አገር ሦስት ጠባይ ይዛለች ማለት ነው።

እነዚህ ስድስት ቤቶች በአንድ ግቢ እንዴት ተሰበሰቡ? ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት የቃሏን ሥር በላቲን «ባርባሩስ» ከሚለው ጋር ያያይዙታል፤ ባዕድ፣ ያልተገራ ማለት ነው። ይህ «ያልተገራ» የሚለው ሐሳብ ጭራሮውን የሚያስር ልጥ ነው። ያልተገራ ኮርማ ይዋጋል፤ ያልተገራ ባሕር ይናወጣል፤ ያልተገራ ሰው ይቆጣል፤ ያልተገራ በርበሬ ያቃጥላል፤ ያልተገራ ልብ አይፈራም፤ የማይፈራ ደግሞ ይወደሳል። ፍቺዎቹ ስድስት ሆነው የተበታተኑ ቢመስሉም በአንድ ሐሳብ የተያያዙ ናቸው። ይህን ልጥ ያየ ተማሪ ስድስቱን በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም፤ ሰባተኛው ቢመጣበትም አይደነግጥም።

የእኛው «ኃይለኛ» እና «ጎበዝ»

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «ጉድ ነው! እነዚህ ሰዎች አንዲት ቃል ላይ ይህን ሁሉ ጭነው እንዴት ይግባባሉ?» ይል ይሆናል። ኧረ እኛስ? እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ።

«ኃይለኛ» የምትለዋን ቃል እንውሰድ። ኃይለኛ በሬ ይዋጋል። ኃይለኛ ውሻ ይናከሳል፤ በከተማ በር ላይም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፋል። በክረምት የብር ወንዝ ሲሞላ ኃይለኛ ነው እንላለን። ኃይለኛ ዝናብ ማሳ ያጥባል። ኃይለኛ አማት ምራት ታስለቅሳለች። በቡሬና በወምበርማ የሚመረተውን በርበሬ አልጫ የለመደ እንግዳ ቢቀምሰው ዕንባውን እየጠረገ «ኃይለኛ ነው!» ይላል። እንግዲህ የእስፓኙ ኮርማ፣ የሜክሲኮው ወንዝ፣ የበሩ ውሻ፣ የድንቹ ስጎ፣ ሁሉም በእኛዋ «ኃይለኛ» ውስጥ ተጠቃለሉ። ማንም የጎጃም ልጅ በትምህርት ቤት «የኃይለኛን ፍቺዎች ዘርዝር» ተብሎ ተምሮ አያውቅም። ከበሬው ጋር፣ ከወንዙ ጋር፣ ከበርበሬው ጋር ሲሰማት አደገና አወቃት።

ይሁንና «ኃይለኛ» የብራቮን ጀግንነትና ጭብጨባ አትይዝም። ሰው ንግግሩን ሲጨርስ «ኃይለኛ!» ብለን አናጨበጭብም። ለዚያ ሌላ ቃል አለን፤ «ጎበዝ»። ጎበዝ ተማሪ ትምህርቱ የሚገባው ነው። ጎበዝ ገበሬ ጎሕ ሳይቀድ ጥማዱን የሚያወጣ ነው። ጎበዝ ባልትና ያላትን ሴትም ጎበዝ እንላታለን። በጦርነት ጊዜ ጎበዝ የሚባለው ለመሣሪያ የደረሰው ወጣት ነው፤ «የጎበዝ አለቃ» የሚለው ማዕረግም ከዚያ የመጣ ነው። «በጉብዝናው ዘመን» ስንል በወጣትነቱ ማለታችን ነው። በዕድር ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «እስቲ ጎበዝ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ» ሲሉ ደግሞ ከተሰበሰበው መካከል ሰነፍ የተባለ አይወጣም፤ ሁላችሁም ማለታቸው ነው። ልጁ የታዘዘውን ሲያደርስ እናቱ «ጎበዝ!» ትለዋለች፤ ይህ እንግዲህ ያው ብራቮ ነው።

ከዚህ የምንደርስበት ቁም ነገር ይህ ነው። ብራቮ ከኃይለኛ ጋር እኩል አይደለችም፤ ከጎበዝ ጋርም እኩል አይደለችም። ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ወስዳለች፤ ሁለቱም ደግሞ እሷ የሌላት ርስት አላቸው። በሁለት ቋንቋዎች መካከል የቃላት ድንበር እንደ ሁለት ገበሬዎች ማሳ በአንድ ገመድ አይለካም። ሰሌዳውን ለሁለት የሚከፍለው ያ ቀጥ ያለ መስመር ግን ይለካል ብሎ ይዋሻል።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ልማድ በጎጃም ምድር መኖሩ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ ስም የትም የታወቀ ነው። የቆሎ ተማሪው የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ በአንዲት ኅብር ቃል ሁለት ምሥጢር ማሰርን ይማራል። በእርግጥ የቅኔው ሁለት ፍቺ ሊቁ አውቆ የሚያስረው ነው፤ የዕለት ቃል ፍቺዎች ግን ሕዝብ ሲናገር ሲናገር ያበቀላቸው ናቸው። ልዩነቱ እንዲህ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ቃል ከተቀመጠበት ቦታ ተነጥሎ አይፈታም። አያቶቻችን ይህን አጥተውት አያውቁም። ታዲያ በዘመናዊው ክፍል ውስጥ ለምን ይጠፋብናል?

አንዱ «ነው» እና ሌላው «ነው»

ከብራቮ ሳንለይ አንድ ነገር እንጨምር። በእስፓኝኛ የእኛን «ነው» የሚተኩ ሁለት ግሦች አሉ። አንደኛው «ኤስ» የአንድን ነገር ጠባይ፣ ማንነት ይናገራል። ሁለተኛው «ኤስታ» አሁን ያለበትን ሁኔታ ይናገራል። ስለ አንድ ሰው በኤስ ብራቮ ከተባለ በተፈጥሮው ኃይለኛ ነው፤ በኤስታ ብራቮ ከተባለ ዛሬ ተቆጥቷል፤ ነገ ይበርድለታል።

ይህን «በአማርኛ የሌለ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን አለ! «ቁጡ ነው» እና «ተቆጥቷል» የምንለው ለምንድን ነው? መጀመሪያው ጠባይ ነው፤ ሁለተኛው የዛሬ ሁኔታ ነው። እስፓኝኛ ልዩነቱን በ«ነው» ላይ ያኖረዋል፤ አማርኛ ቅጽልና ግሥ በማፈራረቅ ያሳየዋል። ይህን በራሱ አፍ ያለውን ልዩነት የተገነዘበ ተማሪ ኤስንና ኤስታን ለመያዝ ግማሹን መንገድ ሄዷል። መምህሩ የሚጀምረው ተማሪው ከሚያውቀው ነው የሚባለውም ይኸው ነው።

እንደዚሁም ቅጽሏ ከጎረቤቷ ጋር መልኳን ትለውጣለች። ለወንድ ስም ብራቮ፣ ለሴት ስም ብራቫ፣ ለብዙ ብራቮስና ብራቫስ ትሆናለች። እኛም ከግእዝ በወረስነው ቅዱስ፣ ቅድስት፣ ቅዱሳን እንላለን። ቃል ከጎረቤቱ ጋር የሚዋደደው በፍቺው ብቻ ሳይሆን በመልኩም ጭምር ነው።

ነገሩ ለምን አሳሰበን?

እስፓኝኛ ሊያስተምር ወደ ቋሪት የሚሄድ መምህር የለም። የሚሄደው እንግሊዝኛ፣ አማርኛ፣ ሳይንስና ሒሳብ ሊያስተምር ነው። ስለዚህ የብራቮን ትምህርት ወደ ሥራችን እናምጣው።

«ሃርድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንይ። በደብተር ላይ «ሃርድ እኩል ይሆናል ጠንካራ» ተብሎ ተጽፏል። ደህና፤ ከድንጋይ ጋር ሲመጣ ጠንካራ ነው። ከጥያቄ ጋር ሲመጣ ግን ከባድ ነው። ከሥራ ጋር ሲመጣ በርትቶ ማለት ነው። ከኑሮና ከዘመን ጋር ሲመጣ ደግሞ ክፉ፣ የመከራ ማለት ነው። ጭራሽ «ሃርድሊ» ሲሆን ፍቺው ተገልብጦ «እምብዛም» ይሆናል። «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «በርትቶ ይሠራል» ብሎ የመለሰ ተማሪ ሰነፍ አይደለም። በደብተሩ የተጻፈውን አምኖ ነው ገደል የገባው።

ይህ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የሚማርበት ቋንቋ ራሱ እንግሊዝኛ ይሆናል። የፊዚክሱ፣ የታሪኩ፣ የሥነ ሕይወቱ ጥያቄ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. በተሰጠው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነዋል። የዚህ ሁሉ ምክንያት የቃላት አስተማመር ነው አንልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ያልተረዳ ልጅ መልሱን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?

በዚህ ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ብዙ ልጆች እድሜያቸው ሲሄድ ክፍላቸው ቆሞ ቀርቷል። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ በፊታችን የሚቀመጥ ልጅ አንዲት ክፍለ ጊዜ እንኳ በከንቱ ልትባክንበት አይገባም። አርባ ቃል ሸምድዶ አንዱንም መናገር ካልቻለ፣ አምስት ቃል ተምሮ በአምስቱም ቢናገር ይሻለዋል።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ጓደኞቻችን «በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ተማሪ ታጭቆ፣ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት እየተካፈሉ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ እንዴት ይሆናል?» ይላሉ። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ እኛ የምንለው አሠራር ተጨማሪ ወረቀትም ተጨማሪ ገንዘብም አይጠይቅም። የሰሌዳው ስፋት ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚጻፍበት ነገር ነው። አሥር ቃል ከአሥር ፍቺ ጋር ከመደርደር፣ አራት ቃል እያንዳንዱ በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ ቦታው አይጠብም። ክፍሉ ብዙ ሕዝብ ያለበት መሆኑም ይረዳል፤ ሰባ ልጅ ባለበት ሰባ ዓረፍተ ነገር አለ።

ሌሎች ደግሞ «ጀማሪን ስድስት ፍቺ ብትጭኑበት ግራ ይጋባል» ይላሉ። ልክ ናቸው። እኛም ስድስቱን በአንድ ቀን ስጡ አላልንም። እንዲያ ማድረግ ሌላ ዓይነት ሽምደዳ መፍጠር ነው። መጀመሪያ በብዛት የሚሰማውን ከጎረቤቱ ጋር እንስጥ፤ ሌላው በንባብ ወይም በንግግር ሲመጣ «ይህችን ቃል ባለፈው ከማን ጋር አይተናት ነበር? ዛሬስ ከማን ጋር መጣች?» ብለን እንጠይቅ። መጥፎው ነገር አንድ ፍቺ መስጠት አይደለም፤ የሰጡትን አንድ ፍቺ «ይኸው ነው፣ ሌላ የለም» ብሎ መዝጋት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የፈተናው ነው። «ፈተናው የቃል ፍቺ ምረጥ ካለ እኛ ምን እናድርግ?» የሚሉ አሉ። አገር አቀፉን ፈተና የምናወጣው እኛ አይደለንም፤ የክፍሉን ፈተና ግን የምናወጣው እኛው ነን። በእጃችን ካለው እንጀምር። ደግሞም ቃልን በዓረፍተ ነገር ያወቀ ልጅ ፍቺ ምረጥ ሲባል አይቸገርም፤ በፍቺ ብቻ ያወቀው ነው ዓረፍተ ነገር ሲመጣበት የሚጨነቀው።

ምን ይደረግ?

ነቀፌታ ብቻ አቅርቦ መሄድ የመምህር ወግ አይደለም። ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለማስተማር ልምምድ በምንወጣበት ጊዜ ማናቸውንም አዲስ ቃል ብቻውን በሰሌዳ ላይ እንዳንጽፍ በመካከላችን እንስማማ። ቅጽል ከሆነ ከስም ጋር፣ ግሥ ከሆነ ከባለቤቱ ጋር ይጻፍ። «ሃርድ» ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ፣ ጥያቄውና ሥራው አብረውት ይውጡ።

ሁለተኛ፣ ከማንኛውም የውጭ ቃል በፊት አንድ የአማርኛ ቃል አንሥተን ተማሪዎቹን እናናግር። «ደረቅ» የምትለዋ ትበቃለች። ደረቅ እንጨት፣ ደረቅ ሳል፣ ደረቅ ሌሊት፣ ደረቅ ቼክ፣ ደረቅ ሰው። የገጠር ልጅ ዝም አይልም፤ የማናውቀውን ጨምሮ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛው ቃል ብዙ ፍቺ አለው ቢባል አይደንቀውም። የራሱ ቋንቋም የሚያፍርበት ሳይሆን የሚመራመርበት ሀብት መሆኑን ያያል።

ሦስተኛ፣ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ «ቃልና ጎረቤቱ» የሚል አንድ ካርቶን ይለጠፍ። በየሳምንቱ አንድ ቃል ይውጣና ተማሪዎች ያገኙትን ጎረቤት ይጻፉበት። የሚጻፈው በመምህሩ እጅ ሳይሆን በተማሪዎቹ እጅ ይሁን።

አራተኛ፣ በክፍል ፈተና ላይ «የሚከተሉትን ቃላት ተርጉም» የሚለው ትእዛዝ ተቀንሶ «በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገባ» እና «ከሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ፍቺው የተለየበትን ለይ» የሚሉት ይብዙ። ማረሙ እንደሚያደክም እናውቃለን፤ ግን ድካሙ ፍሬ አለው።

አምስተኛ፣ በዚሁ የግድግዳ ጋዜጣ አንድ ጥግ ተከልሎ ከየወረዳችን የምናመጣቸው ቃላት ይቀመጡበት። ቡሬ ስንል የከተማ ስም ነው፤ ለገበሬው ግን የከብት መልክም ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ከየመንደሩ ብንሰበስብ ነገ ክፍል ስንገባ ባዶ እጃችንን አንገባም።

ፍኖት ማለት በግእዝ መንገድ ማለት ነው፤ የከተማችንም ስም ከዚያ የተቀዳ ነው። መንገድ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ብዙ መንደር ያዳርሳል። ቃልም እንዲሁ ነው። መነሻውን ብቻ አሳይቶ «ይኸው መንገዱ» ማለት ለተጓዡ አይበቃውም፤ የሚያልፍባቸውን መንደሮችም ማሳየት ይገባል። ስለዚህ ውድ እጩ መምህራን፣ የፊታችን የማስተማር ልምምድ ሲደርስ የሰሌዳውን መስመር እናጥፋው። በቦታውም ዓረፍተ ነገር እንጻፍ። ያን ጊዜ ተማሪዎቻችን «ብራቮ!» ቢሉን ምን ማለታቸው እንደሆነ እነሱም እኛም እናውቃለን።